መንገዱ ሩቅ ነውና፦ ስለ ጾም ገበታችንና ስለ ጉልበታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ የላከለት ምግብ ነው። መልአኩ ቀሰቀሰው፤ በራስጌው እንጎቻና የማሰሮ ውኃ አገኘ። በልቶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ መጥቶ ዳሰሰውና የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። ኤልያስም በዚያ ምግብ ኃይል እስከ እግዚአብሔር ተራራ እስከ ኮሬብ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጓዘ (1ኛ ነገ. 19፥4-8)።

መልአኩ ለመብሉ የሰጠውን ምክንያት ልብ በሉ። መብሉ የመጣው ስለ መንገዱ ነው። ነቢዩም ከበላ በኋላ ተነሥቶ ሄደ። በጎጃም ከተሞች የምንኖር ምእመናን ግን መብሉን ይዘን መንገዱን ትተናል፤ ዛሬ ልናገር የምፈልገው ይህንን ነው።

በጮቄ ተዳፋት ላይ ገብስ የሚዘራው፣ በደጀንና በእነማይ የጤፍ ማሳውን ደጋግሞ የሚያርሰው አባት ሲበላ ጠግቦ ይበላል፤ የበላውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ በሞፈርና በቀንበር ይጨርሰዋል። እናቲቱ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ትወጣለች፤ ለቅዳሴ በጨለማ ተነሥታ በእግሯ ትገሠግሳለች። የቅኔው ተማሪ ከዋሸራ እስከ ጎንጅ መምህር ፍለጋ ሲሄድ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ ነው። ስለ አካል ብቃት ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ኑሯቸውና ሃይማኖታቸው ግን አካላቸውን ያለ ሥራ አላስቀመጡትም። እኛ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቢሮና ሱቅ ውስጥ የምንውል ልጆቻቸው ያንኑ መሶብ ወርሰናል። የገበሬ ገበታ በልተን የጸሐፊ ቀን እንውላለን። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም እንኳ ባጃጅ እንጠራለን። ከዚያ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሲመጣ ከየት መጣ ብለን እንደነቃለን።

«ሥጋ ምን ይረባል፣ ነፍስ ትዳን እንጂ» የሚል ወንድም ይኖራል። ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ይመስላል፤ የሐዋርያው ትምህርት ግን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደ ሆነ፣ በዋጋ እንደ ተገዛን፣ ስለዚህም በሥጋችን እግዚአብሔርን እንድናከብር አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)። በኤፌሶን መልእክቱም የገዛ ሥጋውን የሚጠላ ማንም እንደሌለ፣ ይልቁንም እንደሚመግበውና እንደሚከባከበው ጽፏል (ኤፌ. 5፥29)። የምንቆምበት እግር፣ የምንሰግድበት ጉልበት፣ ለድኻ የምንዘረጋው እጅ ይኸው ሥጋ ነው። በትንሣኤም የሚነሣው ይኸው ነው።

እንግዲህ ከጾም ልጀምር፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነውና። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታው፣ ጾመ ነቢያቱ፣ ጾመ ሐዋርያቱ፣ ነነዌው፣ ገሃዱ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲደመር የዓመቱ ግማሽ ያህል በጾም ያልፋል። ይህ ማለት ለእኛ የጾም ምግብ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የዘወትር ምግባችን ነው። ጤናችን የሚገነባውም የሚፈርሰውም በጾሙ ገበታ ላይ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ስለ ጾም ስንነጋገር «ምን አይበላም» የሚለውን እንጂ «ምን ይበላል» የሚለውን አንጠይቅም።

እናቶቻችን ያቆዩልን የጾም ገበታ እጅግ የተመሰገነ ነው። ጤፍ እንጀራ ከምስር ወይም ከአተር ጋር ሲቀርብ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ እህሉ ለሰውነት ግንባታ የሚያንሰው ነገር በጥራጥሬው ውስጥ ሞልቶ ይገኛል። ሊጡ መቡካቱም በጤፉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲቀርብ ይረዳል። ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ መልካም ቅባት አላቸው። ንፍሮና አሹቅ፣ የጸሎተ ሐሙሱ ጉልባን፣ የገብስ ቆሎና በሶ፣ እነዚህ ሁሉ ያጠግባሉ፤ ሆድ ውስጥም ቶሎ አያልቁም። ጎመን፣ ዱባና ካሮት ሲታከልበት ገበታው ይሟላል። በሜጫ ወረዳ የቆጋ መስኖ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ጎመኑም፣ አቮካዶውም በበጋ ከደጃችን ይመረታል። ዐቢይ ጾም የሚውለው በበጋ ስለሆነ ይህ ትልቅ በረከት ነው።

እኛ ግን ይህንን ትተን ምን እናደርጋለን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን ስናበቃ ጾማችንን በሳምቡሳና በቦምቦሊኖ እንፈታለን። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ነጭ ዳቦ፣ በሚረጋ የፓልም ዘይት የተጠበሰ ድንች እንደረድራለን። ሽሮው ዘይት ተንሳፍፎበት፣ ጨው በዝቶበት ይቀርባል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባውም እዚያው ላይ ይቆጠራል። ቅቤ ተተወ ተብሎ ዘይቱ በእጥፍ ከጨመረ ምኑን ተውነው? ዳዊት «ጉልበቶቼ በጾም ደከሙ፥ ሥጋዬም ቅቤ በማጣት ከሳ» ብሎ ነበር የዘመረው (መዝ. 108፥24)። ጾመን ከጾሙ በፊት ከነበረው ክብደት በላይ የምንወጣ ከሆነ ከዚህ ቃል ፊት ቆመን ራሳችንን መመርመር አለብን።

ሁለት ነገር በዚሁ ላይ ልጨምር፤ በተለይ ቤት ለምታስተዳድሩ እኅቶቼ። አንደኛ፣ ምግብ እንደ በሉ ቡናና ሻይ መጠጣት ከእህሉና ከጎመኑ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሰዋል። ቡናው አይቅር፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ቃሪያም ይቅረብ፤ ብረቱን ይረዱታል። ይህ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የጓያ ነገር። ዋጋው ረከሰ ተብሎ ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ሽሮ የምታስፈጩ እህሉን እወቁት።

ከጾሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ከጾሙ በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በቅበላ ሳምንት ሥጋው ነገ ከምድር የሚጠፋ ይመስል እንበላለን። በትንሣኤ ሌሊት ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ሥጋና ቅቤ ያላየ ሆድ ላይ ዶሮ ወጡን፣ ጥሬ ሥጋውን፣ አይቡን፣ ጠላውን በአንድ ጊዜ እናወርድበታለን። የጥንት እናቶች አስቀድመው ተልባ አጠጥተው፣ ጥቂት በጥቂት አስለምደው ነበር የሚያስፈስኩት፤ ያ ማስተዋል ነበር። ቀጥሎም በዓለ ሃምሳ ይመጣል። በእነዚህ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያደረገችው ስለ ትንሣኤው ደስታ ነው። ሆድ የደስታው ባለቤት እንዲሆን ግን አላዘዘችም። ሰሎሞን ማር ያገኘ ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲበላ፣ ጠግቦም እንዳይተፋው መክሯል (ምሳ. 25፥16)። ለጎጃም ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ማሩ ንጹሕ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አልተከለከለም። ልክ ግን አለው። በበዓለ ሃምሳ ልክ መጠበቅን የለመደ ሰው ጾመ ሐዋርያት ሲገባ አይከብደውም።

አሁን ወደ ጉልበታችን እንምጣ። በስቅለት ዕለት ከነግህ ጀምሮ እንሰግዳለን፤ ማታ ለንስሐ ቀርበን በወይራው ተነክተን የታዘዝነውን እንሰግዳለን። በማግሥቱ ጭናችንን ይዘን ደረጃ መውረድ ያቅተናል። ለምን? ዓመቱን ሙሉ ጉልበታችንን አጥፈን ስላላወቅን ነው! በየዕለቱ ጸሎት ላይ ጥቂት ስግደት ያለው ክርስቲያን በስቅለት ዕለት አይሰበርም። ስግደት አምልኮ ነው፤ ክብሩም ለእግዚአብሔር ነው፤ እኔ ወደ ስፖርት ዝቅ ላደርገው አልደፍርም። ነገር ግን በእምነት የሰገደ ሰው ወገቡም፣ ጉልበቱም፣ ክንዱም፣ ትንፋሹም አብሮት እንደሚሠራ ማንም ያየዋል። ስለዚህ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ፣ ከቅዱስ ቁርባንም በኋላ አለመሰገዱን ጠብቀን፣ በሌላው ቀን በንስሐ አባታችን ምክር በልክ የተወሰነ የዕለት ስግደት ይኑረን። ጉልበቱ የታመመ አረጋዊ ጎንበስ ብሎ እጅ ይንሣ፤ እግዚአብሔር ልቡን ያያል።

ከዚያም እንራመድ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲኖረው ይመክራል፤ በሳምንት ለአምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ለኪዳን በእግር ሄዶ በእግር የሚመለስ ሰው ብዙውን ጨርሶታል። የደብረ ማርቆስ ዳገት ራሱ ያሠለጥናል። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ሜዳዋና ሰፊ መንገዷ ለዚህ የተመቸ ነው። ልጆቻችሁ ብስክሌት ሲለምኑ አትከልክሏቸው። በመንገድ ላይ ስንራመድ ውዳሴ ማርያም መድገም፣ የዕለቱን መዝሙረ ዳዊት በልብ ማመላለስ ይቻላል። የዘጌ ገዳማት አባቶች በጫካው ውስጥ ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ ጸሎታቸውን አያቋርጡም።

ወጣቶች «ጂም መግባት ኃጢአት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት እንደሚጠቅም፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም ነገረው (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ለሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ሰጣቸው። ሰዓቱ የቅዳሴን ሰዓት ካልበላ፣ መስተዋቱም ጣዖት ካልሆነ፣ ሰውነትህን አበርታው። ያበረታኸውን ክንድ ግን ለሥራ አውለው፤ የቤተ ክርስቲያን ግንባታ ላይ ድንጋይ የሚያቀብል፣ የአረጋዊት ጎረቤቱን እንጨት የሚፈልጥ ወጣት ያስፈልገናል።

አንድ ከባድ ፈተና ይቀረናል፤ እርሱም ፍቅር ነው። በጎጃም ቤት እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ዝክር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ተዝካር፣ ሁሉም ጋ «በሞቴ!» አለ፣ «አፈር ስሆን!» አለ፣ ጉርሻ አለ። ይህን ባህል የሚነቅፍ አንደበት አይኑረኝ፤ አብርሃም እንግዳ የተቀበለበት ደግነት ነው። ይሁን እንጂ ስኳር ያለበትን ወንድም በሞቴ እያሉ ሦስተኛ ጉርሻ ማጉረስ ደግነቱን ይጎዳዋል። ጋባዦች፣ ሰው አንድ ጊዜ በቃኝ ካለ እመኑት። በዝክሩ ላይ ጎመንና ንጹሕ ውኃ አብሮ ይቅረብ፤ ጠላ የማይጠጣውም አይፈር። ጌታችን ልባችን በመጠጥ ብዛትና በስካር እንዳይከብድ አስጠንቅቆናልና (ሉቃ. 21፥34) አረቄው ከማኅበር ቢቀር ማኅበሩ ምንም አይጎድልበትም። ተጋባዦችም «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በቅቶኛል፤ ይመርቁኝና ልነሣ» ብትሉ ማንም እናት አትቀየምም። ምርቃት የተለመነች እናት ስለ ጉርሻው ትረሳለች።

ከገበታችን የተረፈው ደግሞ ባለቤት አለው። ዛሬ በመንደራችን የሚላስ የሚቀመስ ያጣ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን አለ። ኢሳይያስ የተመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራህን ለተራበ እንድትቆርስ፣ ስደተኞችን ድሆች ወደ ቤትህ እንድታገባ ነው ያለው (ኢሳ. 58፥7)። ቁርስና ምሳ የተተወበት ገንዘብ በማታው ሳምቡሳ ላይ ከዋለ ጾሙ ለእነርሱ አልደረሰም።

በመጨረሻም ለታመማችሁ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይም ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ለሐኪምና ለንስሐ አባት ሳትነግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆዩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የሐሳብ መምታታት ሲመጣ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጣፋጭ ነገር መቅመስ ጾም መሻር እንዳይመስላችሁ። የደም ግፊት ኪኒን ጸበል ስለገባችሁ አታቋርጡ። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ያስተምራል (ሲራክ 38)፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡና አረጋውያን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ፤ አባቶች ለደካማ የሚሆን ልክ ያውቃሉ። ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ሳትታመሙ ተለኩ፤ በቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይለካችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።