«አገር ስጠኝ» ተብሎ አገሩ የት ገባ?

በጥያቄና መልስ ዝግጅት ላይ ተጠያቂው ሲሳሳት አቅራቢው «አገር ስጠኝ!» ይልና ሳይቀበል፣ ሳያማርጥ መልሱን ይዘረግፈዋል። ይባስ ብሎ መልሱ የጠፋበት ሰው ራሱ «እኔንጃ፣ አገር ስጠኝ» ሲል ይሰማል። ተሸናፊው አገር ጠያቂ ሆነ ማለት ነው!

የእንቆቅልሽ ደንብ እንዲህ አይደለም። ጊዜው ማታ ነው፤ ከብቱ ገብቷል፣ ራት ተበልቷል፣ አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል፣ የልጅ ልጃቸው ጋቢው ውስጥ ገብታለች። «እንቆቅልሽ!» ትላለች። «ምን አውቅልሽ!» ይሏታል። ይህ ካልተባለ ጥያቄው አይወጣም። ዛሬ ሰው ሲሰለቸው የሚወረውረው «ምን አውቅልህ» እዚህ «በይ ቀጥይ፣ እየሰማሁ ነው» ማለት ነው። «የላም በረት» ደግሞ የተረት ነው፤ የሚያቀላቅሉ አሉ።

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

አያት መልሱን ያውቁታል፤ ምናልባትም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ግን ወዲያው «ውሃ» ካሉ ጨዋታው ሞተ። ወዲያው «አላውቅም» ቢሉም እንደዚያው፤ ልጅ ተንቆ መሸነፍንና ተሞክሮ መሸነፍን ትለያለች። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስታሉ፤ ስህተቱም ታስቦበት ነው። «ፈረስ?» ይላሉ። «ፈረስማ ይደክመዋል!» «ነጋዴ?» «ነጋዴማ ያድር የለ!» መልሱን የሚነካ ግን የማይደርስ ግምት ሲቀርብላት ለምን እንዳልሆነ መከራከር ትችላለች። «ድንጋይ» ቢሏት የምትለው የላትም፣ ትስቅና ያልቃል። አራት አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ምስጢር መያዝ ስለማይሆንላት መልሱ ከአፏ ያመልጣል። የለመዱ አያት እንዳልሰማ ሆነው ሌላ ግምት ይጨምራሉ።

ከዚህ በኋላ ነው «አገር ስጠኝ» የሚመጣው። በሌላ ጊዜ «እርስዎ» የምትል ልጅ እዚህ ላይ አያቷን «አንተ» ብትል የሚቆጣት የለም። «ደብረ ብርሃንን ሰጠሁሽ» ሲሏት አልፈልግም ማለት መብቷ ነው፤ ብርድ ነው ብላ ትመልሰዋለች። ጎጃም ከተሰጣት ማር አለ፣ ሐረር ከሆነ ቡና። ወንዝ ተሻግራ የማታውቅ ልጅ የአገሩን ስምና ሲሳይ የምትማረው በዚህ ነው። አንድ ስም እየደጋገሙ መስጠት ስንፍና ነው፤ ልጅም ቶሎ ትነቃበታለች።

አገሩን ስትቀበል ትገባበታለች፦ «ጎጃም ገብቼ ምን አጥቼ፣ ማሬን በልቼ፣ ጠጄን ጠጥቼ...» እያለች እንደ አፏ ትቀጥላለች። ያላወቀውንም በጨዋታ ስድብ ሸንቆጥ ታደርገዋለች። መልሱ የመጨረሻው ነው፦ «ውሃ ነዋ!» አያትም መገረም አለባቸው።

የ«አገር ስጠኝ» ምንጭ ጉልት፣ ማለትም የአንድን አገር ግብር የመብላት መብት፣ ነው ባይ ነኝ። ንጉሥ ለአገልጋዩ ውለታ የሚከፍለው ግብሩን እንዲበላ ጉልት በመስጠት ነበር፤ የተሾመም ሰው «አገር ተሰጠው» ይባል ነበር። የልጅቱ አነጋገር የተሿሚ አነጋገር ነው፦ ገብቼ፣ በልቼ፣ ጠጥቼ። ስድቡም ቢሆን አዲስ ሹም በተሻረው ላይ የሚያወርደውን ይመስላል። ሰፊው ሕዝብ በቤተ መንግሥት ያላገኘውን ሥልጣን በምድጃው ዳር ለልጆቹ ያከፋፈለ ይመስለኛል፤ በዚያ ችሎት የሚሾመው ያወቀ ነው፣ ሻሚው ደግሞ የተሸነፈው። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ካደረገ ወዲህ እንኳ አያቶች ጎጃምንና ሐረርን ማደላቸውን አልተዉም፤ አዋጁም ይህን አይከለክልም።

እንግዲህ አቅራቢዎቻችን «አገር ስጠኝ» ካሉ ይቀበሉ። ተጠያቂው ስሙን ይጥራ፣ እነሱም ያማርጡ፣ ገብተው ይብሉ፣ ይጠጡ። ለዚህ ጊዜ የለንም ካሉ ደግሞ «መልሱ ይህ ነው» የሚል አጭር አማርኛ አለላቸው። ተሸናፊም «አገር ስጠኝ» አይበል፤ የእሱ ድርሻ መስጠት ነው።