«ሊድ ጎልድ» የተባለው ሱቁ ነው ወይስ ሕንፃው?

ውድ ቦርሳ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ «ሊድ ጎልድ» የሚል ክብ ምልክት ካያችሁ፣ ወርቁ የቅንጦት ደረጃ አይደለም። ነጥብ ነው። ሊድ (LEED) አንድ ሕንፃ ለአካባቢ ምን ያህል ተስማሚ እንደሆነ ለመለካት የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ያወጣው መመዘኛ ነው። ከ110 ነጥብ 40 ያመጣ ሰርተፊኬት ያገኛል፤ 50 ሲልቨር፣ 60 ጎልድ፣ 80 ፕላቲነም።

ግራ የሚያጋባው ግን የተመሰከረለት ማን እንደሆነ ነው። ለውስጥ ዲዛይን ብቻ የሚሰጥ ሊድ አለ። እሱ በዋናነት የሚያየው ተከራዩ የሠራውን ነው፦ አምፖሉን፣ ቀለሙ የሚያወጣውን ትነት፣ ምንጣፉን፣ የመደርደሪያውን እንጨት። ሕንፃው ራሱ ምንም ሰርተፊኬት ላይኖረው ይችላል። ቦርሳው የተሰፋበት ቆዳማ ጭራሽ አይመዘንም!

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አምፖሉ ነው። አንዲት ቦርሳ ለማሳየት ስንት መብራት እንደሚደረደር አይታችኋል?