«የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ባህሉን አውቀዋለሁ»፦ ስለ ባህል ትሕትና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1998 ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ-ጋርሲያ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች «የባህል ትሕትና» የሚል ሐሳብ ለሕክምና ትምህርት አቀረቡ። ሐኪም የታካሚውን ባህል ተምሬ ጨረስኩ ማለት አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን ራሱን እየመረመረ ከታካሚው ይማራል፣ በመካከላቸው ያለውንም የሥልጣን ልዩነት ያጠብባል። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ተምረው ነገ ገጠር ለሚመደቡ ተማሪዎች ጉዳዩ ቅርብ ነው። ሲነሳ ግን የሚደጋገሙ መልሶች አሉ።

«የጎጃም ልጅ ነኝ፤ የማላውቀው ምን አለ?»

ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው፤ ጥያቄውን ከአፍ ሳይወጣ ያስቀረዋል። አዊ ውስጥ የተመደበ ተማሪ አዊኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ሲገጥሙት ወንድ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ማህፀን ይጠይቃቸዋል። በልጃቸው ፊት ምን ብለው ይመልሱ? ቋንቋው አንድ ቢሆንም፣ ከጮቄ ግርጌ በእግሯ መጥታ ካርድ ለማውጣት የተሰለፈች ገበሬና ነጭ ጋዎን የለበሰ የከተማ ልጅ ኑሯቸው አንድ አይደለም። በመንደራቸው «አንቱ» የሚባሉትን አዛውንት ዋርድ ውስጥ «አንተ» የሚል ተማሪማ ባህሉን ማወቁ ምን ጠቀመ?

«የጾሙን ቀን ካወቅሁ ይበቃል»

ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆናቸው እኚህ የስኳር ታማሚ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ አይነግርም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ብትፈቅድም ብዙዎች አይተዉም። «ዐቢይ ጾም ሲገባ መድኃኒትዎን መቼ ይወስዳሉ? የንስሐ አባትዎስ ምን አሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኢንሱሊን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

«ጸበል የገባ ክኒን አይውጥም»

አንዳንዱ ያቆማል፣ ሌላው ሁለቱንም ያስኬዳል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። በሚያፌዝ ሐኪም ፊት ታካሚው ጸበሉን ይደብቃል፤ መድኃኒት ማቋረጡንም አብሮ ይደብቃል።

«ዝሆኔ በዘር ይመጣል ማለት ድንቁርና ነው»

በጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስን ገበሬ እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) ተላላፊ አይደለም። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ። ጎረቤት ግን «በዘራቸው አለ» ብሎ ከዚያ ቤት አይጋባም፤ ተማሪው ይህን ሲሰማ ይስቃል። በኢትዮጵያ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ለበሽታው ተጋላጭ መሆን በእርግጥም በዘር እንደሚወረስ አሳየ። ሕዝቡ ግማሹን አይቶት ነበር። ያላየው፣ ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ ከበሽታው ሊጠበቅ መቻሉን ነው። ምክሩ ሰዎቹ ካዩት ሲነሳ ይሰማል፤ «ውሸት ነው» ብሎ ሲጀምር ማን ይሰማዋል? (በሽታውን ተላላፊ ነው የሚሉ የጤና ባለሙያዎችም በጥናት ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ሳቁ ለማንም አይሆንም።) «እግርዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጫማ ያድርጉ» ብሎ ማሰናበትም አያዛልቅም። ውኃው ከምንጭ በጀርባ ይመጣል፣ ላበጠው እግር ደግሞ የገበያ ጫማ አይገባውም።

«ትሕትና ሁሉን እሺ ማለት ነው»

አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ በግልጽ ይነገራል። እናትየው ለምን እንዳሰበችው አስቀድሞ መስማትን ግን የከለከለ የለም።

«የአንድ ቀን ሥልጠና ይበቃል»

ተማሪ ከስላይድ ይልቅ ከራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ይማራል፤ ስፔሻሊስቱ አስታማሚ ሲገላምጥ ያየ እሱም ነገ ይገላምጣል። ተርቫሎንና መሪ-ጋርሲያ ተቋሙም ይጠየቅ ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዕቅዱ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲኖሩ ነበር። የቀበሌውን ቤት ሁሉ የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ገጠር የወጣን ተማሪ ከመምህሩ ጋር እሷም ነጥብ ብትሰጠው፣ ነጥቡም ከአጠቃላይ ውጤቱ ጋር ቢደመር እመርጣለሁ።