የውስጥ እግር ኪንታሮትና ሕክምናው

ኪንታሮት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የፊንጢጣው ነው። ስም ይጋሩ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የፊንጢጣው ያበጠ የደም ሥር ሲሆን፣ የቆዳው ግን ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባል ቫይረስ ይመጣል። ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ የሰውነት ክብደት ስለሚጫነው ተጠፍጥፎ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሲረግጡት ጫማ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስላል።

ጫማ ሲያሻሸው ከሚደድር ቆዳ ጋር ይምታታል። ኪንታሮቱ ከጎንና ከጎን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ያማል። የቆዳው መስመርም እሱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ሲፋቅ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። ሰው «ሥሩ ነው» ብሎ በምላጭ ይቆፍራቸዋል። ሥር ግን የለውም፤ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ምላጩ ትርፉ ማድማትና ማዛመት ነው።

እጅ ላይ የወጣውን በፈረስ ጭራ አስሮ ማድረቅ የቆየ ልማድ ነው። ውስጥ እግር ላይ ግን የሚታሰር ነገር የለም። ስለዚህ የቁልቋል ወይም የቅንጭብ ወተት ይደረግበታል። ለቀቀኝ የሚሉ አሉ። ወተቱ ግን ጤነኛ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከነካ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

 

በደንብ የተጠኑት ሕክምናዎች ሁለት ናቸው፤ የደደረውን ቆዳ ቀስ በቀስ የሚልጠው ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል የሚቀባ መድኃኒትና በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለሆነ ሰው ይበልጥ ያምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 240 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አወዳደራቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ ሙሉ በሙሉ የለቀቃቸው በሁለቱም ወገን 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ማቀዝቀዙ ወጪው መብዛቱ ነው። ዳክት ቴፕ የሚባለውን የዕቃ ማሸጊያ ፕላስተር መለጠፍም እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ጥናት ጉድ ተብሎለት ነበር። በ2006ና በ2007 የወጡት ጥናቶች ግን ያን ያህል አልደገፉትም።

አሲዱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማታ እግርን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ። የራሰውን ቆዳ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ማንሳት። ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብቶ መድኃኒቱን መሃል ላይ ብቻ ማድረግ። ድንጋዩን ለሌላ ሰው አለማዋስ። ብዙው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል፤ ሥራው ግን እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። የስኳር ሕመምተኛ ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ይህን ቤት ውስጥ አይሞክር፤ ሐኪም ይየው።

ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አዋቂ ላይ ይቆያል። ሕመሙ ስለቆመ ብቻ ድኗል አይባልም። ተቋርጦ የነበረው የቆዳ መስመር በቦታው ተመልሶ ሲቀጥል ነው መድኃኒቱ የሚቆመው።