ጂኤልፒ-2፦ ምግብ ሲገባ አንጀትን የሚያድሰው ሆርሞን

ደሴ ውስጥ ከአንጀት ቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ስትጠይቁ፣ «በደም ስር እየተመገበ ለምን ያስቀምሱታል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሐኪሙ ከፈቀደ ግን መቅመሱ ጥቅም አለው።

የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይታደሳል። ምግብ ሲገባ፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻና ትልቁ አንጀት ላይ ያሉ ሴሎች ጂኤልፒ-2 የተባለ ሆርሞን ይለቃሉ። የሚገርመው፣ ሆርሞኑ አዳጊዎቹን ሴሎች በቀጥታ አያዝም። መልእክቱን የሚቀበሉት በአብዛኛው ከሽፋኑ ስር ያሉ ሴሎችና ነርቮች ናቸው። እነሱ ደግሞ እንደ አይጂኤፍ-1 ያሉ የእድገት ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። ያኔ አዳዲስ ሴሎች ይበዛሉ፤ ያሉትም ቶሎ አይሞቱም። ምግብ በአፍ ካልገባ ይህ ሁሉ ይቀዘቅዛል፣ ሽፋኑም ይሳሳል።

ከጂኤልፒ-1 ጋር እንዳታምታቱት፤ እሱ የደም ስኳርንና የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠረው ነው። ጂኤልፒ-2 ደም ውስጥ በደቂቃዎች ይፈርሳል። ረዘም ብሎ እንዲቆይ የተሠራው ቴዱግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በ2012 እ.ኤ.አ. አንጀታቸው ላጠረ ሕሙማን ተፈቅዷል።