«ተቆጥሯል» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ጥናት ምንጮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምገልጠው ዋቢዎቹ የተዘረዘሩበትን የመጨረሻ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያወጣው ቁጥር አይጠየቅም።»
ይጠየቃል። የከተማችንን የሕዝብ ብዛት እንውሰድ። አገሪቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር 258,808 ሰው ተቆጠረ፤ ከዚህ ውስጥ በከተማው የሚኖረው ከ157 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ሁለት ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዘው ቢመጡ ማንም አልዋሸም፤ አንዱ የገጠር ቀበሌዎቹን ጨምሯል። ከዚያ ወዲህ የምናነበው በአብዛኛው ትንበያ ነው። ትንበያን መጥቀስ ነውር የለውም፤ ነውሩ «ተቆጥሯል» ብሎ መጻፍ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ ረቂቅ ላይ የ1999ኙ ቆጠራ «እ.ኤ.አ. 1999» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. 2007 መባል ነበረበት። በአንዲት ምህጻረ ቃል ጦስ ያልተካሄደ ቆጠራ ተወለደ!

«ጆርናል ላይ ከወጣ አለቀ።»
ስመ ጥሩው የሕክምና ጆርናል ላንሴት እ.ኤ.አ. በ1998 የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። የተጠኑት ሕፃናት 12 ብቻ ነበሩ። ጆርናሉ ጽሑፉን እስኪሰርዘው 12 ዓመት አለፈ።

«ብዙ ሰው የጠቀሰው ይታመናል።»
ያው ጽሑፍ ዛሬም ይጠቀሳል፤ አብዛኞቹ የሚያነሱት ግን ስህተቱን ለማሳየት ነው። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጎግል ስኮላር አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይቆጥራል እንጂ ለምን እንደተጠቀሰ አይነግራችሁም።

«ዊኪፔዲያ አይነካም።»
በዋቢነት አይጠቀስ እንጂ ይነበባል። ግርጌው ላይ የተዘረዘሩትን ማስረጃዎች ተከትላችሁ ዋናውን ሰነድ ክፈቱ።

«የነዋሪ ቃል ምንጭ አይሆንም።»
በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ በማስገር ያረጀ ሰው የሐይቁ ውሃ በየትኛው ክረምት እስከየትኛው ዛፍ እንደደረሰ በዓይኑ አይቷል፤ ለዚህ ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በሐይቁ ውስጥ ስንት ቶን ዓሣ እንዳለ ሲጠየቅ ግን እሱም እንደማንኛችንም ይገምታል። አንድ ተማሪ ሁለቱን ቀላቅሎ «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደሚሉት» ብሎ አለፈው። ኅዳጉ ላይ «የትኛው ነዋሪ? መቼ? ያየውን ነው የሰማውን?» ብዬ ጻፍኩበት። በሳምንቱ የሰውየውን የሥራ ዘመንና ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቀን ጨምሮ መለሰልኝ፤ የቶኑን ነገር ሰርዞታል።