ስለ ቸርኬና ስለ በረዶ ጎማ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጎማና ቸርኬ የመቀየር ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ምክር አለው። አብዛኛው ምክር ግን ከመልክ ይጀምራል። ከጎማና ከቸርኬ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ መኪናው ላይ በልኩ መቀመጥና መንገድ መያዝ። እስኪ በብዛት የምንሰማቸውን እንያቸው።

«የብሎኑ ቀዳዳ ከገጠመ ቸርኬው ይሆናል»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያከስረው እዚህ ጋ ነው። የቶዮታ ካምሪንና የሆንዳ አኮርድን ቸርኬ እንውሰድ። በብዙ ሞዴሎቻቸው ሁለቱም 5×114.3 ናቸው፤ አምስት ብሎን፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ደግሞ 114.3 ሚሊ ሜትር። የመሃል ቀዳዳቸው ግን ይለያያል። የካምሪው 60.1፣ የአኮርዱ 64.1 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የካምሪ ቸርኬ አኮርድ ላይ ጭራሽ አይገባም። የአኮርዱ ካምሪ ላይ ይገባል፣ ግን መሃሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሲታሰር ትንሽ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ፍጥነት ሲጨመር መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ደጋግሞ ማሠራትም አያድነውም። መፍትሔው ክፍተቱን የሚሞላ የመሃል ቀለበት ማስገባት ነው፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ዳዶውም መታየት አለበት። አንዳንዱ ቸርኬ መቀመጫው ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ። ካልተስማሙ የሚነካኩት በቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዳዶ ይላላል፤ ጎማ ተፈትቶ የሚወጣውም በዚህ ነው። በዚህ ላይ «ግድ የለም» የሚል ሰው አትስሙ። ዳዶው ቢስማማም አዲስ ቸርኬ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ በቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ) እንደገና አረጋግጡ።

ቸርኬውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩ «ኢቲ» (ET) የሚል ጽሑፍ ከቁጥር ጋር ታገኛላችሁ። ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚናገረው እሱ ነው። ስፋቱ ሳይቀየር ከኢቲ 45 ወደ ኢቲ 35 ከሄዳችሁ ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ከበዛ ፓራፋንጎ ይፍቃል። ወደ ውስጥ ከበዛ ደግሞ ፍሬኑን ወይም ሾክ አብሶርበሩን ይነካል።

«ቸርኬው በተለቀ ቁጥር መኪናው ይሻላል»

ለዓይን ሊሆን ይችላል። ቸርኬው ሲተልቅ የጎማው ጎን ማነስ አለበት፣ አለዚያ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል። 205/55 አር 16 (ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 55 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች) የነበረ ሰው ወደ 225/45 አር 17 ቢሄድ የአጠቃላይ ቁመቱ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ጥሩ ነው። ለብርድ ወራት ግን እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ ፍሬኑ እስከፈቀደ ድረስ አነስ ያለ ቸርኬ ከወፍራም ጎን ጋር። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬውን የሚያድነው ያ ጎን ነው። ጠበብ ያለ ጎማም ጥልቅ በረዶን ቆርጦ ያልፋል፤ ሰፊው ግን ላዩ ላይ መንሳፈፍ ይወዳል።

«የበረዶ ጎማ የሚያስፈልገው በረዶ ሲጥል ነው»

ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ የበጋ ጎማ (ለሙቀት ወራት የተሠራው) እየደረቀ ይሄዳል። መንገዱ ደረቅ ቢሆንም አያያዙ ይቀንሳል። የበረዶ ጎማ የሚሠራው በብርድም ለስላሳ ሆኖ ከሚቆይ ላስቲክ ነው። ጥርሶቹ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። በሙቀት ግን ያ ልስላሴ ጉዳት ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ርቆ ነው የሚቆመው።

«ፎር ዊል ድራይቭ ስላለኝ አያስፈልገኝም»

ፎር ዊል ድራይቭ የሞተሩን ኃይል ለአራቱም ጎማ ያካፍላል። ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት በጣም ይጠቅማል። ፍሬን ሲያዝ ግን ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም እግሩ ነው፣ ስለዚህ ያኔ ምንም ብልጫ የለውም። እንዲያውም በቀላሉ ስለሚነሳ ሹፌሩን ያዘናጋዋል። መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው ፍሬን ሲረግጥ ነው። ኤቢኤስም ጎማው እንዳይቆለፍ ይከላከላል እንጂ የሌለውን አያያዝ አይፈጥርለትም።

«ሁለት የበረዶ ጎማ ይበቃል»

አይበቃም። ፊት ብቻ ካደረጋችሁ ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ይሸሻል። መታጠፊያ ላይ መኪናው ይዞራል። ኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ መሪ ብታዞሩም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አራቱም ይቀየሩ።

«ኤም ፕላስ ኤስ ከተጻፈበት የበረዶ ጎማ ነው»

ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) «ጭቃና በረዶ» ማለት ነው፤ ይህን ምልክት አምራቹ በራሱ ፈቃድ ነው የሚያደርገው። መፈለግ ያለበት ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ነው። እሱ የሚሰጠው በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው። ጀርመን ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻውን ያለበትን ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አትቀበልም።

«ንፋስ ከተቀነሰ መንገድ ይይዛል»

በመደበኛ መንገድ ላይ አይሠራም። ብርዱ ራሱ ይቀንሰዋል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 0.1 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይጠፋል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ለኩት።

«ጥርሱ እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሠራል»

በብዙ አገር የሕግ ወሰኑ ይህ ነው። በረዶ ላይ ግን ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ ሥራውን አይሠራም። ኦስትሪያም ለበረዶ ጎማ በሕግ የምትጠይቀው 4 ነው። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ከለካችሁ በኋላ ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ። 4119 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ41ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ጎማ ሞልቷል።